ወደ ታች የምታይ አበባ

እኔ ብረት በያጅ ነኝ። ሃያ ዓመት ስሠራ ጠማማ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ጉራ ካላችሁም በሉት። ስለዚህ ጋሼ የአርማውን ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋ ገና እንዳየሁት «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» አልኩት።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሠዓሊ። ክልሉ የገደል አበባን አርማው አድርጎ ሲመርጥ የሥዕሉን ሥራ ለእሱ ሰጡት፤ ሥዕሉን አይቼ በብረት የምሠራውና ከምክር ቤቱ በር በላይ የምሰቅለው ደግሞ እኔ ነኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ስህተቱን የነገረው ሰው ዓመት ሙሉ ሰላምታ ያጣል። እኔ ሁለቴ ደርሶብኛል።

«ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?» አለ መነጽሩን አውልቆ።

«ወደ ላይ ታያለች። የገደል አበባ እኮ አንገቷን ደፍታ ወደ ታች ነው የምታየው!»

«ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሁትን፣ ደርቆ ወረቀት ላይ የተለጠፈውን ከፊቴ አስቀምጬ ነው የሳልኩት!»

ኧረ በሞቴ! ተጨፍልቆ የደረቀ አበባ ላይና ታቹን በምን ያውቃል? የለጠፈው ሰው እንዳሰኘው ነው የሚያስተኛው። እኔ ግን የብየዳ ቤቴ ጓሮ ገደል ስለሆነ በየቀኑ አያታለሁ።

«ና፣ ጓሮ ላሳይህ።»

«የክልል አርማ አንገቱን አይደፋም! እንደ ሥዕሉ ሥሪ» አለና በሩን ድርግም አድርጎት ወጣ።

ሦስት ቀን ተብሰለሰልኩ። እንደ ሥዕሉ ብሠራው ውሸት ልሰቅል ነው፤ እንደ እውነቱ ብሠራው ወንድሜን በአደባባይ ላዋርደው ነው። ያለ እሱ ደግሞ ማን አለኝ? ፈራሁ፣ አልዋሽም። በአራተኛው ቀን ብረቱን አግዬ አንገቷን ቁልቁል አጠፍኩት። ለጋሼ አልነገርኩትም፤ ብነግረው እንደማያሠራኝ አውቃለሁ።

የምረቃው ጠዋት ጨርቁ ሲገለጥ የአርማው ኮሚቴ ሰብሳቢ ፊቱን አጨማደደ።

«ሥዕሉ ላይ እንዲህ አልነበረም። ማነው የገለበጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ወደ ላይ ብታይ ኖሮ እዚህ የቆምን ሁሉ የምናየው ጀርባዋን ነበር። አሁን ቀና በሉና ፊቷን እዩ።»

ሰዉ ሁሉ ቀና አለ፤ እኔ ጋሼን ነበር የማየው። ከበሩ ሥር ሄዶ ቆመ። የአበባዋ አምስት ቅጠሎች ከራሱ በላይ ተዘርግተዋል፣ መሃላቸው ያለው ነሐስ ያበራል። ቀና ብሎ ፊቷን አየ። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

«ትናንት እሷ ሳትኖር ጓሮዋ ገብቼ አበባዋን አይቻታለሁ» አለ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልኩ የእህቴ ነው።»

ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንባዬ መጣ፣ በቱታዬ እጅጌ ጠረግኩት።

«ታዲያ የጸደቀው ሥዕልስ?» አለ ሰብሳቢው።

«እንደገና እስላለሁ» አለ ጋሼ እጄን ይዞ። «እሷ እያሳየችኝ።»