ሩብ ኡባልዶ

«ሩብ ኡባልዶ!» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ኧረ እሱ ሩብም አይሞላም!» አለች ሌላዋ፤ ከዚያ ሐዘን ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ሁለቱም አፋቸውን በመሐረብ አፈኑ።

ኡባልዶ የቡናውን ትሪ እንደያዘ በሩ ላይ ክው ብሎ ቀረ። ሚስቱ ኤኔይዳ ከተቀበረች ወዲህ ዘጠኝ ቀን የሚጸለየው ጸሎት ዛሬ ያልቃል። ሳሎኑ ውስጥ ፎቶዋ ቆሟል፤ አጠገቡ ነፍሷ ሲጠማት እንድትጠጣ የተቀመጠላት አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጸሎት መሪዋን ይጠብቃሉ። እሱ ደግሞ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሐዘኑ፣ ስሙ ለአራት ተከፍሎ ሲሳቅበት ሰማ። ትሪውን ያገኘው ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ግቢ ወጣ።

ወንዶቹ ማንጎው ሥር ዶሚኖ እያንኳኩ ነው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለው አበልጁ ቱልዮ።

«ምንም። ተጫወት።»

ተቀምጦ የድርሻውን ዶሚኖ አነሣ። ኤኔይዳ እዚሁ ሎሪካ ከተማ፣ ሲኑ ወንዝ ዳር፣ ፀጉር ቤት ነበራት። ሴቶቹ የሚመጡት ለፀጉራቸው ብቻ ነው ያለ ግን ዋሽቷል! የፍቅርም ሆነ የምትሃት ልቦለድ በወጣ ቁጥር ቀድማ የምታነበው እሷ ነበረች፤ የእሷን ፍርድ ሳይሰማ መጽሐፍ የሚጀምር አልነበረም። «ዘንዶ ጋልቦ ሰማይ ለሰማይ ሲዞር ከረመ፤ ልጅቷን በላሽ ወይ ያላት አለ?» ትላለች መቀሷን እያወዛወዘች። «ሦስት መቶ ዓመት ኖሮ ይቅርታ መጠየቅ ያልተማረ ልዑል፣ መቼ ሊማር ነው?» ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ኡባልዶ መጽሐፍ ሞቱ ነው። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ዘይት ጥፍሩ ሥር ገብቶ የቀረ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው ነው። አንድ ቀን መጽሐፏ ሽፋን ላይ ደረቱን ገልጦ የቆመውን ጎረምሳ አየና «እኔ የሌለኝ ምን አለው ይሄ?» አላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና «ክንፍ» አለችው።

ቀልድ ነበር። ለእሱ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ቀኑን ሙሉ ከሚበሩት ጋር ውላ፣ ማታ ቤንዚን የሚሸት ሰው አጠገብ መተኛቷ ይቆጫት ይሆን? አልጠየቃትም። አሁን ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

«ሩብ!» አለ ሳያስበው።

«የምን ሩብ? ተራህ ነው፣ ጣል!» አለው ቱልዮ።

የያዛቸውን ዶሚኖዎች ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተነሣ። ሳሎን ገባ። ከኤኔይዳ ጋር ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስትሠራ የኖረችውን ሮሜልያን አያት።

«ሮሜልያ፣ በእሷ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሚስቴ ሩብ ሰው ነው ትለኝ ነበር?»

«እርስዎን? ወይኔ ጉዴ! ሰምተውናል እንዴ ዶን ኡባልዶ?»

«ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ኧረ እርስዎ እኮ መለኪያችን ነዎት!»

«የምን መለኪያ?»

«የወንዶቹ ነዋ! የመጽሐፎቹ። ዶኛ ኤኔይዳ አንብባ ስትጨርስ፣ ስንት ኡባልዶ ይወጣዋል እንላታለን፣ እሷ ትፈርዳለች። ቅድም ያልነውም ስለ አንዱ ልዑል ነው፤ አብዛኞቹ ሩብ ናቸው። ያ የበረዶው ንጉሥ ግማሽ ደርሶ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ዋሽቶ ወረደ።»

«ግማሹ ይገባው ነበር» አለች አንዲት ወፍራም ሴት ከኋላ።

«አንቺ ዝም በይ! ዓይኑ ሰማያዊ ከሆነ ሙሉ የምትሰጪ!»

ኡባልዶ ወደ ፎቶዋ ዞረ። «ግን ለምን እኔን?»

ሮሜልያ ሳቋን ተወች። «አንዱ መጽሐፍ ላይ ልዑሉ ለፍቅሩ ሲል ከተማ ያቃጥላል። እኛ ሙሉ ይሰጠው ብለን ጮህን። እሷ መቀሷን አስቀመጠች። ‹የሰው ከተማ ማቃጠል ምን ያቅታል?› አለች። ‹ሲኑ ሞልቶ ቤታችን የገባ ጊዜ ኡባልዶ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ መጽሐፎቼን ጣሪያ ላይ አወጣልኝ። ሞተሮቹንና የመሥሪያ ዕቃውን ወንዝ ወሰደበት። ለምን አላወጣሃቸውም ስለው ረሳኋቸው አለኝ። የእንጀራ ገመዱን ረሳሁት ይለኛል! እስካሁን ያመንኩት ይመስለዋል።› ከዚያ ወዲህ ሙሉ ኡባልዶ ያገኘ የለም። ክንፍ ያለውም፣ ዘውድ ያለውም።»

ኡባልዶ ግድግዳውን ተደገፈ። ያ ሁሉ ልዑል፣ ያ ሁሉ ጠንቋይና ዘንዶ ጋላቢ ፊቷ ተሰልፎ ሲያልፍ እሷ በእሱ ስትሰፍራቸው ኖራለች። እሱ ደግሞ ተሰፍሮ የጎደለ መስሎት! እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይሆናል? ለእሱ፣ ለሞተር ጠጋኙ? በመገረሙ ውስጥ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«እኔ እኮ...» አለ፣ «እውነትም ረስቻቸው ነበር።»

«ይዋሻሉ!» አለች ሮሜልያ፣ እሷም እያለቀሰች።

ከፎቶው አጠገብ፣ ግማሹ ላይ ገጹ የታጠፈ ወፍራም መጽሐፍ አስቀምጠውላታል። በአገጩ ጠቆመው። «ይሄኛውስ?»

«አልፈረደችበትም። ሳትጨርሰው ነው የሞተችብን።»

ጸሎት መሪዋ ገባች፤ ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን አነሡ። ቱልዮ ከግቢ «ኧረ ተራህ ደረሰ!» እያለ ይጣራል። ኡባልዶ ወንበር ስቦ ሴቶቹ መሐል ተቀመጠ። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አደረገ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አየው፤ ደግሞ ጠረገው። ከዚያ የታጠፈችውን ገጽ ሳይነካ ከመጀመሪያው ገለጠ።