ያልተጨበጨበለት ሙሾ

ወገኔ ደክሞታል። የሚገርመው መድከሙ ሳይሆን እስከ ዛሬ አለመድከሙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በእንጅባራ የኪነት ቡድን ውስጥ ማሲንቆ ሲመታ፣ ግጥም ሲገጥም፣ የመድረክ መጋረጃ ሲሰፋ ኖሯል፤ ትርፉ የወገብ ሕመም ነው። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ፈልጓል። ለፈረሰኞች በዓል ከተዘጋጁት ሁለት ሙዚቃዊ ድራማዎች የሚመረጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ያ አንዱ የእሱ እንዲሆንለት ይፈልጋል።

ለዝና ብሎ አይደለም። መንገድ በተዘጋበት ክረምት ሚስቱ ሀይማኖት ባሕር ዳር፣ እህቷ ቤት ታማ ሞተች። ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ ወገኔ የሰማው ከተቀበረች በኋላ ነው። አፈር አላለበሳትም፣ ለወጉ እንኳን አላለቀሰላትም። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳይናገር የድራማውን ማብቂያ ጻፈ፤ አንድ ገበሬ በሩቅ አገር ለሞተች ሚስቱ የሚያወርደው ሙሾ። በበዓሉ ሜዳ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቢያለቅስላት ልቡ የሚያርፍለት መስሎታል።

ሌላው ድራማ የምንይችል ነው። ምንይችል ሙያውን ከወገኔ የተማረ ወጣት ነው፤ የእሱ ድራማ ኦርጋን፣ ባለቀለም መብራትና ባጃጅ የሚነዳ አፍቃሪ አለበት። ክፉ ሰው ቢሆን ለወገኔ በቀለለው ነበር። እሱ ግን ጋሼ፣ ጋሼ እያለ ወንበር የሚያቀርብ ነው።

ሁለቱ ድራማዎች ለምርጫ መጀመሪያ እንጅባራ አዳራሽ ታዩ። በምንይችል ድራማ ወጣቱ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ። በወገኔ ድራማ ስልኩን ጎረጎረ፤ ሙሾው ላይ ሲደረስ አንዱ ከኋላ ሆኖ ማሲንቆው ባትሪ ጨርሷል ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ወገኔ አልተቆጣም። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ቀጥሎ የሚታይበት የግምጃ ቤት ከተማ ይክሰኛል ብሎ ተጽናና፤ እዚያ የሚታየው በገበያ ቀን ነው፣ ተመልካቹም ማሲንቆ የሚያውቅ ገበሬ ነው።

ግምጃ ቤት ግን የባሰ ሆነ። በምንይችል ኦርጋን እንኳን ጎረምሳው፣ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን እንደያዙ እስክስታ ወረዱ፤ ማሲንቆማ እቤታችንም አለ ተባባሉ። የወገኔ ተራ ደርሶ ሙሾውን ሲያወርድ የሚያስል ሰው እንኳን ጠፋ። ሲጨርስ ግን አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ወጣ። ከበዓሉ ኮሚቴ የመጣው ይሄነው ደግሞ የሚመዝነው በጭብጨባ ነበር፤ ሲመለሱ እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ምንይችልን እንኳን ደስ ያለህ አለው። ወገኔ ማሲንቆውን ታቅፎ እንጅባራ እስኪደርሱ የተኛ መሰለ። ሀይማኖትን ሁለተኛ ያለ ለቅሶ የቀበራት ያህል ተሰማው።

በሳምንቱ አዳራሹ ውስጥ የምንይችል ድራማ ልምምድ ነበር። ወገኔ ከበሮ ይመታለታል፤ ቤቱ ቢሄድ የሚጠብቀው የለም። በሩ ተከፈተና ከግምጃ ቤት የመጡ ሰዎች ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ለሐዘንተኛ የሚወሰደውን እዝን በአገልግል ይዘዋል። ምንይችል ደንግጦ ኦርጋኑን አጠፋ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በአዊኛ ተነጋገሩና ሙሉነሽ የሚባሉ አሮጊት ወደ ወገኔ ቀረቡ።

«እግዜር ያጥናህ» አሉት። «እስካሁን የቆየነው ውቂያ ይዞን ነው።»

ምንይችል በአክብሮት፣ ያ ሙሾ የቴአትር እንደነበር ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ቴአትር መሆኑን መች አጣነው፣ ልጄ» አሉ ሙሉነሽ። «ሚስቱ ሆና የሞተችው ሴትዮ ኋላ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስትገዛ አይተናታል። ሙሾው ግን የቴአትር አይደለም። ሰው ያልሞተበት እንደዚያ አያወርድም።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አላጨበጨባችሁም?» አለ ምንይችል።

አሮጊቷ ጤንነቱን እንደመጠራጠር ብለው አዩት። «ለቅሶ ላይ ይጨበጨባል?»

ምንይችል አቀረቀረ። ወገኔ ደግሞ በራሱ አፈረ፤ ስንት ለቅሶ ሲደርስ የኖረ ሰው፣ ሙሾ አውርዶ ጭብጨባ ሲጠብቅ ነበር።

«ማን ናት የሞተችብህ?» አሉት ሙሉነሽ።

«ሀይማኖት» አለ። «ባለቤቴ ነበረች።»

ስሟን ሰው ፊት ከጠራው ቆይቷል። አሮጊቷ አጠገቡ ተቀምጠው በስሟ ሙሾ አወጡላት፤ የመጡት ሁሉ ተቀበሉ። ወገኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰውን አለቀሰ። በባለቀለሙ መብራት ሥር ያሉት ዘፋኞችም አብረው አለቀሱ፤ ማንም መብራቱን ማጥፋት ትዝ አላለውም።

እንግዶቹ ከእዝኑ ትንሽ እንዲቀምስ ለምነውት ሊሄዱ ሲነሱ፣ ምንይችል ኮሚቴውን ለምኖ ውሳኔውን እንደሚያስለውጥ፣ እሺ ካላሉትም ሙሾውን በራሱ ድራማ ውስጥ እንደሚያስገባው ነገረው። ወገኔ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

«ተወው፣ ልጄ» አለው። «እኔ እርሜን አውጥቻለሁ። አንተ አስጨፍራቸው።»