ከኩታበር የመጣ ጦስኝ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች በኮምቦልቻ ሲተላለፉ በሚውሉበት ጊዜ፣ ድሬሰር ሥርጉት በክሊኒኳ የአፍ ማጠቢያ መድኃኒት ካለቀባት ወር አልፏት ነበር። ደሴ ድረስ ወጥታ ብትጠይቅም «ጠብቂ» ብለው መለሷት።

አንድ ረፋድ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ከደጋን መጡ። መንዙማ ሲያወጡ አገር የሚሰበሰብላቸው ሽማግሌ፣ ድዳቸው አብጦና እየደማ አፋቸውን በፎጣ ከድነው ተቀመጡ። የተናገረችላቸው ልጃቸው ኡሙሰልማ ናት።

«አባቴ መንዙማ ካቆሙ ሦስት ጁምዓ አለፋቸው። ወላሂ፣ ውሃ እንኳ ያማቸዋል።»

ሥርጉት ባዶውን ጠርሙስ አሳየቻት።

«እኔ የተዳርኩት ኩታበር ነው» አለች ኡሙሰልማ፣ ከመቀነቷ ደረቅ ጦስኝ እየፈታች። «እዚያ ለድድ ይህን በጨው አፍልተን እንጉመጠመጥበታለን። ይከለከላል?»

ሥርጉት የተማረችው ጀርም የሚገድለው የጠርሙሱ መድኃኒት እንደሆነ ነው። ጦስኙን ግን ተቀብላ መርፌ በምትቀቅልበት ቡታጋዝ ላይ በውሃና በጨው ጣደችው። ለብ ሲል መጀመሪያ ራሷ ተጎነጨችው።

ዓይኗን ጨፈነች። የመኪኖቹ ድምፅ እየራቀ ሄዶ ወንዝ መሰላት። ጉም መጥቶ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ከጉሙ ወዲያ ሟች እናቷ ጤዛ የነካውን ቀሚሷን ሰብስባ በዳገቱ ስትወርድ አየቻት። ስንት ዓመት የረሳችው የልጅነቷ የደጋ ጠዋት አፏ ውስጥ ነጋ። ምን ያህል እንደቆየች እንጃ፣ ስትተፋው ሸህየው ትክ ብለው ያዩዋታል።

«ያቃጥላል?» አሉ ከፎጣው ሥር።

«ትንሽ። አይዋጡት፣ ተጉመጥምጠው ይትፉት፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ከባሰብዎ ይተዉትና ቶሎ ይምጡ።»

በሳምንቱ ሲመለሱ እብጠቱ ጎድሏል፣ ደሙም ቆሟል። አንድ መንጋጋ ሥር ግን መግል ነበር፤ ጦስኙ እዚያ አልደረሰም። ደግነቱ የደሴው መድኃኒት በዋዜማው ገብቶ ስለነበር ሥርጉት ጥርሱን ነቅላ በእሱ አጠበችላቸው። ካርዳቸው ላይ ሁለቱንም ጻፈች፤ ከመድኃኒቱ ስም ሥር «ጦስኝ» ብላ።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሸህየው ለምስጋና መጡና በረንዳው ላይ ቆመው ቀስ ብለው መንዙማ ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ሻከረ፣ ኋላ ተፈታ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ በረንዳው ዞረ። ሥርጉትም በሩን ተደግፋ ስትሰማ ቀጣዩን በሽተኛ መጥራት ረሳች።