ጥሪ የተዘጋበት ከሰዓት

አመለወርቅ ኮንጋ የምትባል መንደር የቡና ገበሬ ልጅ ናት። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ስትማር የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ደርሳ ነበር። የክፍሏ ልጆች ላፕቶፓቸው እምቢ ሲላቸው የሚሮጡት ወደ እሷ ነው፤ እጇም ትዕግሥቷም ይወደድላት ነበር።

በዚያ ሴሚስተር ሃስኬል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ይማሩ ነበር። መምህሩ የመጨረሻውን ፕሮጀክት ሲሰጡ፣ «በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ሲሠራ ካላሳያችሁኝ ማርክ የለም» አሉ። እንግዲህ የተጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልሰው ኮምፓይለር በሦስቱም ላይ መጫን ነበረበት።

የራሷ ዊንዶውስ አስቸገራት እንጂ አላሸነፋትም። አንቲቫይረሱ ፋይሉን እየሰረዘ ሲያስቸግራት ለጊዜው አጥፍታው እንደገና ጫነች። የላቦራቶሪው ሊኑክስ እሷ የሌላትን የይለፍ ቃል ሲጠይቃት፣ በራሷ ፎልደር ውስጥ አስገብታ አሠራችው። የቀረው የጆሲ ማክ ነው። ጆሲ የፕሮጀክት ጓደኛዋ፣ ቀልድ የማያልቅበት የአዲስ አበባ ልጅ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ላቦራቶሪ ተቀመጡ። ማኩ ኮምፓይለሩን ከመቀበሉ በፊት ሌላ ትልቅ ነገር ካላወረዳችሁ አለ። የግቢው ዋይፋይ ጠፍቶ ስለነበር የአመለወርቅን ስልክ ዳታ ከፈቱ። ማውረዱ ከግማሽ እንዳለፈ አንድ የክፍላቸው ልጅ ደወለላት፤ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሁሉም ከዜሮ ጀመረ።

«ይሄ ነገር ሙድ ይዞብናል እኮ!» አለ ጆሲ ራሱን ይዞ።

«ቆይ፣ ገቢ ጥሪ ልዝጋው» አለች። ዘጋችው።

በዚያው ከሰዓት ኮንጋ ላይ አባቷ አቶ ወንድይፍራው ቡና ሲያገላብጡ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ታላቅ ወንድሟ ደግነት መኪና ለምኖ እሳቸውንና እናቱን ዲላ ሆስፒታል አደረሰ። አባትየው መንገዱን ሙሉ «አመሌን ጥሩልኝ» ይሉ ነበር። ደግነት ደወለ፤ አልገባ አለው። ደጋግሞ ደወለ። ሆስፒታሉ ከግቢው በባጃጅ ሩቅ አይደለም፤ አባቱን ለእናቱ ትቶ እህቱን ፍለጋ ወጣ።

በሩ ላይ ጥበቃዎቹ መታወቂያ ጠየቁት። ለመናቸው። በመጨረሻ አንዲት አመለወርቅን የምታውቅ ተማሪ አግኝታው እየመራች አስገባችው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ማኩ እሺ ብሎ ነበር። የመጀመሪያዋ ትንሽ ፕሮግራም ስትሠራ ጆሲ ወንበሩን ገፍቶ ዘለለ። «ሠራ! አመሌ፣ ሠራ!» እየሳቁ ሳለ ደግነት በሩ ላይ ቆመ፤ ቦቲው ጭቃ በጭቃ ነበር።

«ስልክሽ ምን ሆነ?» አላት በጌዴኦኛ።

«ዘግቼው ነው። ምነው? ማን ታመመ?»

«አባባ ሆስፒታል ነው። ነይ።»

ሲደርሱ እናቷ ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። አመለወርቅ ገብታ የአባቷን እጅ ያዘች። ገና አልቀዘቀዘም።

ከቀብሩ በኋላ ጆሲና የክፍሏ ልጆች ለቅሶ ለመድረስ ኮንጋ መጡ። ሊሄዱ ሲነሡ ጆሲ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራት።

«ማኩን ልሸጠው ነው።»

«ለምን?»

«ላየው አልቻልኩም። የኔ ማሽን ባይሆን ኖሮ…»

«ጥሪውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ጆሲ። ማሽኑ ምን አደረገ?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ አባቷን ካየች ጀምሮ አልቅስ ብትለውም ዓይኗ ደርቆ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቷ አጠገቧ ተቀመጡ። «ያን ቀን የምትጭኑት ነገር ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«አስተርጓሚ በይው፣ እማዬ። ሰው የጻፈውን ለማሽኑ የሚተረጉም።»

«ሐኪሙ በአማርኛ ሲያናግረኝ ግማሹ አልገባኝም» አሉ እናቷ ቀስ ብለው። «ወንድምሽ አንቺን ፍለጋ ሄዶ ነበር። አባትሽን ‹ምን እያለ ነው?› ብዬ ብጠይቀው ‹ተይው፣ አመሌ ስትመጣ ትነግርሻለች› አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

«እማዬ…»

«ብትደርሺም አይተርፍም ነበር። ዘግይታችሁ ነው ያመጣችሁት ብሏል ሐኪሙ፤ ኋላ ነርሷ ነገረችኝ።» ነጠላቸውን አጣፉ። «ግን ያይሽ ነበር።»

እንባው የመጣው ያኔ ነው። እናቷ አላባበሏትም፣ አልተቆጧትምም፤ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስተኝተው እሷ እስክትጨርስ ጠበቁ።

ጆሲ ማኩን ገና ሳይሸጠው ፕሮጀክቱን ብቻውን አቀረበ። በሦስቱም ላይ ሠራ፤ መምህሩም ለሁለቱም ሙሉ ማርክ ሰጡ። አመለወርቅ ውጤቷን ስትሰማ «እሺ» ብቻ አለች።

በምርቃቷ ቀን እናቷ ከኮንጋ መጡ። ጆሲ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል ቆመው መሐል አደረጓት። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ እንጂ!» ቢላቸው፣ ሦስቱም ሞክረው አቃታቸው።