የኤደልሚራ እጅና የጨዋታው ሽጉጥ

ኒባልዶ ሠላሳ ዓመት በሰሜን ቺሊ መዳብ ሲቆፍር ኖሮ ወደ ቫልፓራይሶ እንደተመለሰ ተዘግቶ የነበረውን የአባቱን ጌም ቤት መልሶ ከፈተ። የኮረብታ ሰፈራችን ሰው "ጤነኛ ነህ? ልጁ ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ማን ሊመጣልህ ነው?" ብሎ ሳቀበት። እሱ ግን የከፈተው ለልጆች ሳይሆን ለታላቅ እህቱ ለኤደልሚራ ነበር።

ኤደልሚራ አለች የተባለች ልብስ ሰፊ ናት። በወጣትነቷ ደግሞ እዚያው ጌም ቤት፣ ሽፍቶችን በሽጉጥ በሚመቱበት የቴሌቪዥን ጨዋታ የሚስተካከላት አልነበረም። ሽፍታው በመስኮት ብቅ ከማለቱ ግንባሩን ትለው ነበር። አምና ስትሮክ መታት። ሐኪሙ "እጅሽ ድኗል፣ አሠሪው" ቢላት ወይ ፍንክች! መቀሷን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ይባስ ብላ የስፌት መኪናዋን ሸጠች፤ የገዛችው ሴትዮም ቅዳሜ መጥታ ልትወስደው ነው።

ኒባልዶን ያንገበገበው ይሄ ነው። እጇን አንዴ ብታምነው መኪናውን አትሰጥም ብሎ ተነሳ። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ተቃጥሏል፣ የድሮው ሽጉጥ ደግሞ በአዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አይሠራም። ስለዚህ ጨዋታውን ኮምፒውተር ላይ ጫነ፤ በቴሌቪዥኑ አራት ማዕዘን ትንንሽ መብራቶች ለጠፈ፤ መብራቶቹን የምታይ ካሜራ ሽጉጡ አፍ ውስጥ ቀበረ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ መሃሉንና ጠርዙን እየተኮሰ አስተካከለው። አሁን የዝንብ ዓይን ይመታል ብሎ ማለ።

ሐሙስ ከሰዓት እህቱን ለምኖ አመጣት። የድሮ ተጫዋች የነበሩት ዳቦ ጋጋሪው ዶን ኤሪቤርቶ ቀድመው እየተኮሱ ነበር።

"ምን አባቱ! አንድም አልመታሁ። መነጽሬን ልቀይር መሰለኝ" እያሉ ሽጉጡን አቀበሏት።

ኤደልሚራ ዘጠኝ ጊዜ ተኮሰች፣ ዘጠኙንም ሳተች። ሽጉጡን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"አየህ አይደል? እጄ ሞቷል፣ ኒባልዶ። ከእንግዲህ አትለምነኝ።"

"እትዬ፣ አንዴ ብቻ..."

"ተወኝ አልኩህ!"

ኒባልዶ ምን አቅብጦኝ አመጣኋት አለ። እሷ ወደ በሩ ስትሄድ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ በጨዋታው ግድግዳ የቀሩትን የጥይት ቀዳዳዎች አየ። ከየመስኮቱ በስተቀኝ፣ ዘጠኙም እኩል አንድ አንድ አውራ ጣት ርቀዋል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ቢሆን እዚህም እዚያም ይበትነው ነበር እኮ!

"ዶን ኤሪቤርቶ፣ እርስዎም ወደ ቀኝ ነው የሳቱት?"

"ወደ ቀኝ። እንዴት አወቅክ?"

"የድሮው የጨዋታ ማሽን ወድቆ ያውቃል?"

"እንዴታ! አንተ በሄድክ በሳምንቱ አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደረጃው ላይ ለቀቁት። እግሬን ሊሰብሩኝ ነበር።"

ለካ ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ወደ ግራ ይጎትት ነበር! ሰፈሩ በሙሉ ሳያውቀው ወደ ቀኝ ማነጣጠር ለምዷል። እዚያ ያልነበረው ኒባልዶ ብቻ ነው። ቶሎ ብሎ የሽጉጡን ምት በኮምፒውተሩ አንድ አውራ ጣት ወደ ግራ አጣመመው።

"እትዬ፣ የመጨረሻ። ከዚህ በኋላ ትንፍሽ አልልም።"

ተነጫንጫ ተመለሰች። ተኮሰች፣ ሽፍታው ወደቀ። ደገመች፣ ወደቀ። ዘጠኙም ሲያልቁ ዶን ኤሪቤርቶ "በስመ አብ!" ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት። ኤደልሚራ የገዛ እጇን የሰው እጅ ይመስል ታየው ጀመር።

"ምን አደረግከኝ?"

"አንቺን ምንም። ሽጉጡን ነው ያበላሸሁት" ብሎ ሁሉንም ነገራት።

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ስንተኩስ ነዋ የኖርነው!" ዓይኗን ጠርጋ ሽጉጡን ዘረጋችለት። "በል አሁን ቀጥ አድርገው።"

"ትስቺያለሽ እኮ።"

"ልሳት። ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም፤ እስክለምደው።" ቦርሳዋን ብድግ አደረገች። "ለዚያች ሴትዮ ደግሞ ደውልላት። ቅዳሜ እንዳትደክም። መኪናዬን አልሰጥም።"