የታችኛው ቤት

ሱሬንድራ በሩን በመዳፉ ሲደበድበው ከውስጥ ውሻ ጮኸች። ቀጥሎ ሬዲዮው ዝቅ አለ።

"ክፍት ነው" አለ ሌስ።

ሽማግሌው በካናቴራና በቁምጣ ተቀምጦ በተጠበሰ ዳቦ ላይ ማርማላታ ይቀባ ነበር። ሱሬንድራ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው። ባርኔጣው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ መጥበሻው ምድጃው ላይ ነው፤ የዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ጥግ ይዞ ቆሟል። አንድም ነገር ከቦታው አልተነሳም።

"ሌስ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።"

"ሐሙስ መሆኑንማ አውቃለሁ።"

"ሐሙስ እወጣለሁ ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬህ ነበር።" ሌስ ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አሳረፈ። "ትናንት ሻንጣውን አወረድኩትና ከምን እንደምጀምር ጠፋኝ። ሻይ ላፍላልህ?"

"ሻይ አልፈልግም። አባቴ ከእህቴ ዘንድ እየመጡ ነው። ቪምላ ልትቀበላቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳለች፤ ለምሳ ይደርሳሉ። የት ላስተኛቸው?"

ሌስ በመስኮቱ አሻግሮ ትልቁን ቤት አየ። ትልቁ ቤት እንደ አካባቢው ቤቶች ሁሉ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ በረንዳው ላይ የሚያደርሰው ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ ነው። የሱሬንድራ አባት ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ መውጣት ቀርቶ ደፍ መሻገርም ያስጨንቃቸዋል።

ሱሬንድራ ይህን የአገዳ እርሻ ከነቤቱ የገዛው ባለፈው የዝናብ ወራት ነበር። ከፊጂ ተሰዶ አውስትራሊያ ከገባ ጀምሮ ብሪዝበን ከተማ ውስጥ አውቶብስ ሲነዳ ሸበተ። ሚስቱ ቪምላ በአረጋውያን መጦሪያ ሰው አንስታ ሰው ስታስተኛ ወገቧ አለቀ። ዘመድ ሲዳር እየቀሩ፣ የተቀደደ ሶፋ በጨርቅ እየሸፈኑ ያጠራቀሙት ሁሉ እዚህ አፈር ውስጥ ገባ። የቪምላ ምኞት ባሕር አጠገብ አንዲት ትንሽ አፓርታማ ነበረች። "አገዳ ሸሽተን መጥተን አገዳ ልንገዛ ነው?" ብላ ስቃበት ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። አባቱ እንዲሞቱ የሚፈልገው ማንም ተነሡ በማይላቸው መሬት ላይ ነበር።

ልቡን የማረከው ደግሞ ይህ የታችኛው ቤት ነው። ሁለት ክፍል ያለው የድሮ የሠራተኛ ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም፤ ከበሩ እስከ አገዳው ድረስ ሜዳ ነው። ሌስ ውስጡ ይኖር እንደነበር ሱሬንድራ በዓይኑ አይቷል። ደላላው ግን "እሱን እንደ ነገር አትቁጠረው፤ ውጣ ስትለው ይወጣል" አለው፤ ሱሬንድራም እንደ ነገር አልቆጠረውም።

"ከተማ ያገኘሁልህን ክፍል ሄደህ አየኸው?" ሲል ጠየቀ አሁን።

"አየሁት። ንጹሕ ነው። ውሻ ግን አይቀበሉም።"

"ውሻዋን ለሰው ስጣት።"

"ለማን? አንተ ትወስዳታለህ?"

ውሻዋ ከጠረጴዛው ሥር አንገቷን አውጥታ አየችው።

"ሳል እስክትሞት ኑርበት ብሎኛል" አለ ሌስ። ሳል የሚለው የእርሻውን የድሮ ባለቤት ሳልቫቶሬን ነው።

"ሳል ሞቷል፣ ሌስ።"

"እሱማ ሞቷል። እኔ ገና ነኝ እንጂ።"

"ልጆቹ ሲሸጡልኝ ስላንተ አንድም ቃል አልነገሩኝም።"

"ትራክተር መንዳት ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ" አለ ሌስ። ይህን ያለው ለወቀሳ አይመስልም፤ ነገሩ እሱንም የገረመው ይመስላል።

ሱሬንድራ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ መኝታ ክፍሉ ገባና ፍራሹን ከነአንሶላው ጠቅልሎ አወጣው። ሽማግሌው ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ምናልባትም እጁን ይይዘዋል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሌስ ግን ዳቦውን ጨርሶ ሳህኑን አጠበ፣ አደራረቀና "ይህንንም ውሰደው" ብሎ አቀበለው።

ካፊያ ጀመረ። ወንበሮቹ፣ ዘንጉ፣ ሬዲዮው፣ ማንቆርቆሪያው፣ ሁሉም ማንጎው ዛፍ ሥር ተደረደሩ። አልጋው በበሩ አልወጣም ብሎ ሱሬንድራ ብሎኑን በመፍታት ላይ ሳለ የጎረቤቱ የኤንዞ ፒክአፕ መንገዱ ላይ ቆመ። ኤንዞ ከሳልቫቶሬ ጋር ያደገ ጣሊያናዊ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አገዳ የሱ ነው።

"በመጨረሻ አስወጣኸው?" አለ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ሌስ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አባቴ ሊገቡበት ነው።"

"ደግ አደረግህ። ሳል ልቡ ቅቤ ነበር። እርሻ በቅቤ ልብ አይሆንም።" በአውራ ጣቱ ጀግና የሚል ምልክት አሳይቶት ሄደ።

ሱሬንድራ አመስጋኝ መሆኑን ሲያውቅ በራሱ ተናደደ። እዚህ ከመጣ ወዲህ ከጎረቤቶቹ አንዱ ደግ አደረግህ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የቪምላ መኪና የደረሰው የልብሱን ሳጥን ሲያወጣ ነበር። አባቱ ራምሱመር ከፊት ወንበር ላይ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ተቀምጠዋል። ሱሬንድራ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሮጠ፤ እግራቸውን ሊነካ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቆሙት።

"በለው! በለው!" አሉ አገዳውን እያዩ። "እስከየት ነው ያንተ?"

"እስከ ወንዙ፣ አባባ። ያ ዛፍ ይታይዎታል? እስከዚያ።"

"ማን ነው የሰጠህ? ውሉ የስንት ዓመት ነው?"

"ውል የለውም አባባ። የእኛ ነው። ለሁልጊዜ።"

ሽማግሌው በምርኩዛቸው አፈሩን ጫር አደረጉት። ሱሬንድራ ይህችን ሰዓት አውቶብሱ ውስጥ ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ሲያስባት ኖሯል። እጃቸውን ይዞ ወደ ታችኛው ቤት መራቸው። ማንጎው ጋ ሲደርሱ ግን ራምሱመር ቆሙ። ሌስ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀምጧል። ውሻዋ እርጥብ ፍራሽ ላይ ተኝታለች።

"ይህ የማን ዕቃ ነው?" አሉ በሂንዲ።

"የሠራተኛ ነው፣ አባባ። ሊሄድ ነው።"

"ሊሄድ ነው ወይስ እያስወጣኸው ነው?"

ሱሬንድራ ለመመለስ አፉን ሲከፍት አባቱ እጃቸውን ከእጁ አውጥተው ሌስ አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊጂ ሳሉ ላምባሳ ስኳር ፋብሪካ ደጃፍ ላይ ከተሰለፉ ሰዎች በለቀሙት እንግሊዝኛ ጠየቁት። "ብዙ ዓመት እዚህ?"

"ሚስቴ ከሄደች ጀምሮ" አለ ሌስ። "ብዙ ነው።"

"አሁን የት?"

"ወንዙ ዳር። መኪናዬ ውስጥ መተኛት ይቻላል።" ከዚያ ሱሬንድራን በአገጩ እያመለከተ፣ "ልጅህ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ይህን ሁሉ ብቻውን አወጣው" አለ።

ራምሱመር ራሳቸውን ነቀነቁ።

ላምባሳ ላይ ሲያርሱት የኖሩት መሬት የአገሬው ጎሣ ነበር፤ እሳቸው ጭሰኛ ነበሩ። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ባለርስቱ አፒሳይ፣ ካቫ የሚባለውን የአገሩን መጠጥ ዕድሜ ልካቸውን አብረው የጠጡት ጓደኛቸው፣ መጥቶ መሬቱን ጎሣው ይፈልገዋል አላቸው። ራምሱመር በእጃቸው የሠሩትን ቤት በእጃቸው አፈረሱት። ሱሬንድራ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን እየነቀለ ለአባቱ ያቀብል ነበር። አፒሳይ የተቀቀለ ጎደሬ በቅርጫት ይዞ መጣና ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ርቧቸው ስለነበር ጎደሬውን በሉት።

"አፒሳይ እንኳን አልቅሷል" አሉ ራምሱመር።

የሱሬንድራ ፊት ጋለ። "አልቅሶ ምን አተረፈልን? አልቅሶ ወሰደው! በዓመቱ ጫካ ሆነ። እኔ የሰው አልነጠቅኩም አባባ፤ ገዝቼ ነው።"

"አፒሳይም አልነጠቀም። የአያቶቹ ነበር።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ። እርስዎን የት ላስቀምጥ?"

"እኔ ምን አውቄ። ባለርስቱ አንተ ነህ።"

ቪምላ ጃንጥላ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሱሬንድራ ከአባቱ ጋር ታብራለች ብሎ ፈራ። እሷ ግን "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብላ ጀመረች። "ይህ ሰውዬ እግር አለው፣ መኪና አለው። እርስዎ ደረጃ አይወጡም። እኔ ሰው መሸከም አልችልም፤ ወገቤ ሞቷል። እዚህ ካልገቡ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ መጀመሪያ ነገር እዚህ መምጣትም አልፈለግሁም ነበር።"

"እውነትሽን ነው ልጄ" አሉ ራምሱመር። ከተቀመጡበት ግን አልተነሡም።

ሌስ የሚባባሉት ቃል ባይገባውም ነገሩ ገባው። ተነሥቶ ሳጥኑንና ማንቆርቆሪያውን አሮጌ መኪናው ላይ ጫነ። ሱሬንድራ ሬዲዮውን ሊያነሳለት ሲል "ተወው፣ ለሽማግሌው ይሁን" አለው። ውሻዋን በፉጨት ጠራት። መሪውን ከያዘ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ጓዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሲዘጋ ጠበቅ አድርጋችሁ ነው፤ ያንጠባጥባል" አለ። ከዚያ ሄደ። የመኪናው ድምፅ በአገዳው መካከል እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ሱሬንድራ ቢያንስ አንድ ክፉ ቃል ቢናገረው ምንኛ በወደደ።

"እንግዲህ ባዶ ነው" አለ ወደ አባቱ ዞሮ። "ይግቡ አባባ፣ እየበሰበሱ ነው። አልጋዎ አዲስ ነው፤ ከላይ አወርደዋለሁ። ግድግዳውን ነገ ቀለም እቀባዋለሁ።"

"እዚያ አልገባም።"

"ሰውየው እኮ ሄዷል! አሁን ቢገቡም ባይገቡም ለሱ ምን ይጠቅመዋል?"

"ምንም አይጠቅመውም።"

"ታዲያ?"

"አልገባም አልኩህ። ወደ ላይ አውጣኝ፤ ካልሆነም ወደ እህትህ መልሰኝ።"

ሱሬንድራ ቪምላን አየ፤ ቪምላ ፊቷን አዞረች። በመጨረሻ ጎንበስ አለና አባቱን በጀርባው አዘላቸው። ቀላል ነበሩ፤ የአንድ ጆንያ ማዳበሪያ ያህል እንኳ አይሆኑም። ግን ደረጃው ቀጥ ያለና በካፊያው የሚያዳልጥ ነበር። በየርከኑ ደረቅ ትንፋሻቸው ጆሮው ሥር ይመታዋል። መሐል ላይ ሲደርስ እግሩ አዳለጠው፤ ሽማግሌው አንገቱን ጨምድደው ያዙት እንጂ ተመለስ አላሉትም።

በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው። አገዳው ከዚያ ላይ ሆኖ እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል። አፈሩ ግን አይታይም።

ቪምላ ከታች ሆና "ለሐኪም ማን ሊያወርዳቸው ነው?" ብላ ጮኸች።

"እኔ።"

"አንተ ማሳ ውስጥ ስትሆንስ?"

ቪምላ ጃንጥላውን አጥፋ መሬት ላይ ጣለችውና መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሞተሩን ግን አላስነሳችም።

አመሻሹ ላይ፣ ራምሱመር ምስር ወጡን በሩዝ ሳይነኩት ካስቀመጡት በኋላ፣ የሱሬንድራ ስልክ ጮኸ። ኤንዞ ነበር።

"የአባትህ ነገር እንዴት ሆነ? ገቡ?"

"አልገቡም። ከላይ ከእኛ ጋር ይሻላቸዋል" አለ ሱሬንድራ።

"ኦ! እንግዲያው ቤቱ ባዶ ነው? ስማ፣ ለአገዳ ተከላው የሚመጡ ሠራተኛ ልጆች አሉኝ፣ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ማደሪያ አጥቻለሁ። ጥሩ ኪራይ ይከፍላሉ። ምን ትላለህ?"

ሱሬንድራ ከበረንዳው ወደ ታች አየ። የታችኛው ቤት በሩ እንደተከፈተ ነው። አባቱ ከኋላው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ እንቅልፍ ይውሰዳቸው አይውሰዳቸው አላወቀም። ዞሮ ማየትም አልፈለገም።

"ለተከላው ብቻ" አለ።

"እሺ፣ ለተከላው ብቻ።"

"በቃል አይደለም፣ ኤንዞ። የሚወጡበት ቀን ተጽፎ ይፈርሙበታል። ኋላ አንዱ ተነሥቶ ኑርበት ተብዬ ነበር እንዲለኝ አልፈልግም።"

ኤንዞ ሳቀ። "ገና ዛሬ ገበሬ ሆንክ! መቼ ልላካቸው?"

ከኋላው ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማው።

"ነገ" አለ ሱሬንድራ። "ጠዋት ይምጡ።"