ጣሪያው የማይነሳው ቤት

ዱጉማ የሰደበኝ በኢድ ማግስት ነው። ቦታውም ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ፣ ቡርሃን ሱቅ በረንዳ ላይ። እህቴን ረዲያን ወደ ሚኤሶ ላሳፍር እየሄድኩ ነበር። ከተቀመጡት ሰዎች መሀል አንገቱን አስግጎ፣

«አብራር! የአይጥ ቤት መሥራት ጀመርክ አሉ። ኪራዩ እንዴት ነው?» አለኝ።

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ቡርሃን እንኳን፣ በሩ ሲሰበር በነፃ የምጠግንለት ሰውዬ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ዱጉማ ቀስ ብሎ ቢለኝ ባልከፋኝ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ እህቴ እየሰማች።

ከዱጉማ ጋር ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ያኔም «እጅህ ኮላ ኮላ ይሸታል» ብሎ መምህሩ ፊት ያስነሳኝ እሱ ነው። አባቴ አናጺ ነበር፤ እጄ ሌላ ምን ይሽተት? በዓመቱ እኔ ትምህርቱን ትቼ መጋዝ ያዝኩ፤ እሱ ተምሮ ቢሮ ገባ፣ ሱፍ ለበሰ። እሱ ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም።

የአይጥ ቤት ያለው ነገር እንዲህ ነው። ኤልያቄም የሚባል የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ አለ፤ የጴንጤ ልጅ ነው፣ ጨዋ። አዲስ አበባ ሲማር አንድ ጨዋታ ለምዶ መጣ። አውራ ጣት የሚያህሉ የፕላስቲክ ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋል። በየተራ ዳይስ ይጥላሉ፣ ርቀቱን በሜትር ይለካሉ፣ የተመታው ይወድቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ይሰበሰባሉ። ወታደር ነበራቸው፤ ከተማ ግን አልነበራቸውም። መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ገብቼ ሳይ የመድኃኒት ካርቶን ደርድረው ቤት ነው ይላሉ።

«ይሄ ሁሉ ጦር የሚያልቀው ለኪኒን ነው እንዴ?» አልኳቸው።

ኤልያቄም ሳቀና፣ «ታዲያ እርስዎ ይሥሩልና፣ ጋሽ አብራር» አለኝ።

ሠራሁላቸው። ግድግዳው ከተሰነጠቀ የማሽላ አገዳ፣ በላዩ ጭቃ። ቆርቆሮው ከለስላሳ ጣሳ፤ ጣሳውን ዘርግተህ በደረቀ እስክሪብቶ መስመር መስመሩን ስትጫነው ልክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሸነሸናል። የመጀመሪያውን ሱቅ ሲያይ ኤልያቄም ጮኸ። እስከዛሬ ሥራዬን አይቶ የጮኸ ሰው ሁሉ ሊጣላኝ ነበር፤ ይሄ በደስታ ጮኸ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን መነሳት አለበት። ወታደር ቤት ውስጥ ሲገባ ጣሪያውን አንስተው ውስጥ ያስቀምጡታል፤ አለዚያ ጨዋታው አይሄድም። እሺ ብዬ ሁሉንም እንደዚያ ሠራሁ። የመቻራ መንገድ ላይ ያሉትን ሱቆች፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሁሉንም።

የእናቴ ቤት ግን ለጨዋታ አልነበረም።

እውነተኛው ቤቷ መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። እሷን ረዲያ ሚኤሶ ወሰደቻት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ልቧ ወደ ኋላ ተመለሰ። «ቤቱን ሳልዘጋው ወጣሁ» ትላለች። ፈርሷል ስንላት ልክ ዛሬ እንደሞተባት አድርጋ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ትረሳውና፣ ስላልዘጋሁት ሰው ሁሉ ገብቶ ይዘርፈኛል ብላ ትነሳለች። ዘግተነዋል ስንላት አታምንም። ብድግ ብላ ወደ አስፋልቱ ትሄዳለች። የጅቡቲ ተሳቢዎች የሚበሩበት አስፋልት ነው።

ያን ቀን መናኸሪያው ውስጥ ረዲያ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች፣ «አንድ ቀን መኪና ይበላታል፣ ወላሂ» አለችኝ። «ልጆቼን ትቼ እሷን ስጠብቅ ልዋል? ወይስ በገመድ ልሰራት? አንተ ንገረኝ።»

ጓዟን ጭኜ አሳፈርኳት። ሌሊቱን ግን መላው መጣልኝ። ቤቱን በትንሹ ሠርቼ እናቴን በእጇ አስይዛታለሁ። በጣቷ ትዳስሰው፤ መዝጊያው መቀርቀሩን ራሷ ትንካው።

ቤቱ ሲፈርስ ከግድግዳው ጭቃ በፌስታል ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት ያኔ አላውቅም፤ ሰውም ስቆብኛል። ያንን ጭቃ ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ በውሃ ለውሼ ለሰንኩት። ፌስታሉን አራግፌ ጨረስኩ። መስኮቱን እሷ እንደቀባችው አረንጓዴ ቀባሁ። በሩ ላይ ከሽቦ መቀርቀሪያ አበጀሁለት። ጣሪያውን በስፒል መትቼ በኮላ አጣበቅኩት። ክዳኑ የሚነሳ ቤት ተዘጋ አይባልማ።

እሁድ ወደ ሚኤሶ ልወስደው ነበር። ለረዲያ ደውዬ ነገርኳት። ቅዳሜ በካርቶን ይዤው ሳልፍ ኤልያቄም በሱቁ በር አየኝ።

«ያ ረቢ! ይሄ ደግሞ የት ነበር?» ጴንጤ ሆኖ ሲገርመው እንደኛ ነው የሚለው። «ጋሽ አብራር፣ ዛሬ እንግዳ አለን። ከአሰቦትም ልጆች መጥተዋል፤ ዱጉማም ለማየት እመጣለሁ ብሏል። ለዛሬ ብቻ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጥ።»

የዱጉማን ስም ባይጠራ ኖሮ አልሰጠውም ነበር። ይየው አልኩ። ኪራዩ እንዴት ነው ያለው አፍ ይሄን ይይና ይዘጋ።

«ጣሪያው አይነሳም። እንዳትነኩት» አልኩት። የኮፒ ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ እሱም ለአንዷ ደንበኛ ወረቀት ይቆጥራል። ራሱን ነቀነቀ። ለእኔ ይሁን ለሴትዮዋ እንጃ።

ቆሜ ብቆይ ዱጉማን የጠበቅኩት ይመስላል ብዬ ሄድኩ። የአስር ሶላት ሰግጄ፣ ለእናቴ የምትወደውን ተምር ገዝቼ ስመለስ ረዲያ ደወለች።

«ልጅሽ ቤቱን ዘግቶ ይመጣል አልኳት» አለችኝ። ድምፅዋ ቀሎታል። «ዛሬ አልወጣችም። ቁጭ ብላ እየጠበቀችህ ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ትመጣለህ አይደል?»

«ኢንሻአላህ» አልኳት።

ኤልያቄም ጋ ደርሼ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል በሰው ሞልታለች። ዱጉማ የለም፤ አልመጣም። ፈርዶሳ የምትባለው፣ ከልጆቹ ሁሉ ለፍላፊዋ፣ ክንዴን ያዘችና ወደ ጠረጴዛው ጎተተችኝ።

«አቦ ጋሽ አብራር፣ ይዩት! የከተማው አንደኛ ፍርስራሽ!»

ጣሪያው በካተር ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። የመንገድ በኩል ግድግዳው የለም። ጠርዙን በላይተር ለብልበው አጥቁረውታል። ጭቃው ጠረጴዛው ላይ ፈሷል፤ የፕላስቲክ ወታደሮች በላዩ ተኝተዋል።

ኤልያቄም ፊቱ እያበራ አስረዳኝ። «ጠላት ገብቶ መሸገ። ጣሪያውን ላነሳ ብል እምቢ አለ። ረስተው ያጣበቁት መስሎኝ በጥንቃቄ ቀደድኩት። ከዚያ ፈርዶሳ መድፍ ተኮሰች፣ ዳይሱ ስድስት መጣ! በቃ እውነተኛ እናድርገው አልን። ደግሞ ፈርሶ ይበልጥ ያምራል። ከሁሉም ይሄ ይበልጣል፣ ጋሽ አብራር፣ እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ።»

አንዱ ከአሰቦት የመጣ ልጅ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሰው ሲያጨበጭብልኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ቢሰድቡኝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ቦታውን ይዤ እቆያለሁ። እነዚህ ግን አልሰደቡኝም። እየወደዱኝ ነው።

ተምሩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ አየሁት። በሩ ቆሟል። መቀርቀሪያው እንደተቀረቀረ ነው፤ ማንም አልነካውም። ከበሩ ቀጥሎ ባዶ። እናቴ በጣቷ መቀርቀሪያውን ታገኛለች፣ አልሀምዱሊላህ ትላለች፣ ትንሽ ወደ ግራ ስትል እጇ ሰተት ብሎ ይገባል። ይሄን ማሳየት እሷን የምታስርበትን ገመድ ለረዲያ እንደማቀበል ነው።

«ሌላም እንዲህ ዓይነት ይሥሩልና» አለች ፈርዶሳ። «አንድ ሰፈር ሙሉ!»

ከምን ልሥራው? ፌስታሉን አራግፌዋለሁ። ቦታው ላይ አስፋልት ነው ያለው። ሌላ ጭቃ የሌላ ሰው ቤት ነው፤ እናቴ በሽታው ትለየዋለች፣ ዓይኗ እንጂ አፍንጫዋ አልደከመም።

ኤልያቄም እስክሪብቶ አንስቶ ቁራጭ ካርቶን ይዞ ጠጋ አለኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሁሉም ቤት ስም አለው፤ ይሄ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። «ጋሽ አብራር፣ የማን ቤት ነው እንበል?»

ቤቱን እዚያው ትቼ ተምሩን ብቻ ከጠረጴዛው ጫፍ አነሳሁ። በሰዎቹ መሀል ወጣሁና ጫማዬን አጠለቅኩ። ከኋላዬ እንደገና ጠየቀኝ። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ።